የሙሾ አውራጇ መንጋጋ

በአንድ ወቅት፣ ሰውን ያለ ሙሾ መቅበር ነውር በሆነበት በአንድ የደጋ አገር፣ የሻረግ የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። ታሪኩን እኔ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱ ግን የእናንተ ነው። በዚህ ነገር ፈርዶ ከባልንጀራው ጋር ያልተኳረፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የሻረግ ልቅሶ ቤት ስትደርስ፣ እስከዚያ ስለ ገበያ ሲያወራ የቆየው ሁሉ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ይስባል። ደጁን አንዴ ቃኘት አድርጋ፣

«ሞፈሩም አለ፣ በሬውም አለ፣
ጌታው ብቻውን ከወዴት ዋለ?»

ስትል፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው ጎረቤት ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። እሷ ስታወርድ አጠገቧ ቆማ የምትቀበላት ጥጊቱ ናት፤ አብሮ አደጓ፣ ምስጢሯን የምትጥልባት። የሻረግ ለአገሩ ሁሉ ግጥም ስትሰጥ ለአንድ ሰው ግን አስቀምጣ ነበር። እናቷ እማማ ዝማም አርጅተዋል፤ የእሳቸው ቀን ሲደርስ የምትለውን በልቧ ቋጥራ ይዛለች። ያን ግጥም ከጥጊቱ በቀር ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ታዲያ አንድ በጋ የመንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ደምለው የአገሩ ወጌሻ ወደሆኑት ወደ አያ እንግዳው ወሰዳት። አያ እንግዳው የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ይጠግናሉ፣ የታመመ ጥርስ በጉጠት ይነቅላሉ። አንድ ልማድ አላቸው። የነቀሉትን ጥርስ ለባለቤቱ አያሳዩም፤ ደሙን አይቶ ይደነግጣል ይላሉ። በጨርቅ ቋጥረው አብሮ ለመጣው ዘመድ ይሰጡታል። ዘመድ ፈትቶ ያያል፣ ሙሉ መሆኑን ለበሽተኛው ይነግራል፣ ከዚያ ከአጥር ሥር ይቀብረዋል። በሽተኛ የሚያምነው እንግዲህ የወጌሻውን እጅና የዘመዱን ዓይን ነው።

የዚያን ቀን ጉጠቱ ሲጠመዘዝ ድዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። የሻረግ የአያ እንግዳውን ጉልበት ጨምድዳ ይዛ፣ «በቃኝ አያ! ሞትኩ!» አለች። እሳቸው ጉጠቱን አንዴ አዩት፣ እሷን አንዴ አዩ።

«ወጥቷል ልጄ፣ ሙሉውን ወጥቷል» አሏት።

ደምለው ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጨርቁን ፈታ። ጥርሱ ባለ አንድ እግር ነው፤ ሌላው ሥር ከመሐሉ ተቆርጧል። የሻረግ ከቤት ውስጥ ጉንጯን ይዛ፣ «ሙሉ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ሙሉ ነው» አላትና አፈር መለሰበት።

ቁስል ነውና ይሽራል ብላ ጠበቀች። አልሻረም። ጉንጯ አብጦ ይጎድላል፣ ጎድሎ ያብጣል። ሕመሙ ከመንጋጋዋ ተነስቶ ጆሮዋን ይወጋና እስከ አንገቷ ይወርዳል። አፏ ከጣት በላይ አልከፈት አለ። አጥሚት እየጠጣች ከሳች። «የወጣ ጥርስ ምን ያማል?» ይላል የጠየቃት ሁሉ፤ አንዳንዱም የዛር ነው ብሎ ያንሾካሹካል። በኋላ በኋላ እሷም ራሷን ተጠራጠረች። ጥርሱ ሙሉውን ወጥቷል፣ ባሌ በዓይኑ አይቷል፣ እንግዲህ የታመመው ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው ብላ ብቻዋን አለቀሰች። ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ጥርጣሬ ጎዳቻት።

ሙሾውን ጥጊቱ ያዘችው። ተቀባይ የነበረችው አውራጅ ሆነች፤ ስሟም ወንዝ ተሻገረ። ስትመለስ ግን የሻረግን ሳትጠይቅ አትገባም። አንድ ቀን ቅርንፉድ ቀጥቅጣ ቁስሉ ላይ ልታደርግላት አፏን ወደ ብርሃን አዙራ ስታይ፣ ከድዱ መሐል ነጭ ስባሪ ብቅ ብሏል። እጇ ለአፍታ ቆመ።

«ምንድነው?» አለቻት የሻረግ።

«ምንም እታለም፣ ቁስሉ እየሻረ ነው» አለችና ቅርንፉዱን ጠቀጠቀችበት።

ክረምቱ ሲወጣ እማማ ዝማም ሞቱ።

አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሌላውን ሁሉ በግጥም የሸኘች ልጅ ለእናቷ ምን ልትል ነው ብሎ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጠ። የሻረግ ከሬሳው አጠገብ ቆማ አፏን ልትከፍት ሞከረች። መንጋጋዋ እንደ ዛገ ቁልፍ ነክሶ ያዘ፤ ከጥርሷ መሐል የወጣው ማቃሰት ብቻ ነበር። እንደገና ሞከረች፤ አልሆነም። ያኔ ከጎኗ የጥጊቱ ድምፅ ተነሣ፦

«እናቴ ሄደች ደጃፏን ዘግታ፣
ማን ይጠራኛል ልጄ ብሎ ማታ?»

ያስቀመጠችው ግጥም ነበር። ቃል አልጎደለም። ልጅቱ ዲዳ ሆና ቆማ ሌላ ሰው እናቷን «እናቴ» አለ፤ ሕዝቡም ከዚያ በፊት አልቅሶ የማያውቀውን ልቅሶ አለቀሰ። የሻረግ ግን የዚያን ዕለት እንባ እንኳ አልወጣትም።

ሠልስት ካለፈ በኋላ ለማንም ሳትናገር ከተማ ወረደች። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አደንዝዛ ሥሩን ካወጣችው በኋላ በጥጥ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

«ሕመምሽ ሁሉ ይሄ ነው እትዬ። ሲነቀል ተሰብሮ ቀርቷል። ጥርሱን ያየ ሰው አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል» አለች የሻረግ። «ሙሉ ነው ብሎኛል።»

ቤቷ ገብታ ያንን ስባሪ ደምለው ፊት አስቀመጠችው። ደምለው ለመካድ አልሞከረም። አያ እንግዳው የልጃችንን የተሰበረ እግር የጠገኑ ሰው ናቸው፤ ውለታቸውን በልቼ ከሳቸው ጋር እንዴት ልጣላ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ አላት። ደግሞም፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቅሶ መዞር ስትተዪ ቤቴ ሞቀ። ከተጋባን ጀምሮ ማታ ማታ ቤትሽ የተገኘሽው ዘንድሮ ነው» አላት።

«አሞኝ ነው የተገኘሁት፣ ደምለው» አለችው።

አያ እንግዳው ወሬውን ሰምተው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «እጄ ከዳኝ ልጄ። በቃኝ ስትዪ አንጀቴን በላሽውና ደግሜ ጉጠት ማስገባት አቃተኝ። ድዱ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል ብዬ ነበር፤ በብዙ ሰው አይቻለሁ» አሏት።

«ከዚያስ? ፊቴ አብጦ በመንገድ ሲያገኙኝ?»

«ከዚያማ ለስሜ ፈራሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ጥጊቱን ማንም አልጠረጠራትም፣ ማንም አልጠየቃትም። ራሷ መጥታ ከየሻረግ እግር ላይ ወደቀች። «አይቼዋለሁ እታለም። ቅርንፉዱን ሳደርግልሽ አይቼዋለሁ። አንድ ልቅሶ ብቻ ልምራና እነግራታለሁ እያልኩ ሌላ ልቅሶ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንቺን ጫፍ ስቀበል ኖሬ፣ ሰው ጥጊቱ ብሎ ሲጠራኝ ጣፈጠኝ።»

«ግጥሙስ? የእናቴስ?»

«አንቺ ካልቻልሽ ያለ ግጥማቸው ይቀበሩ ነበር?» አለች ጥጊቱ እያለቀሰች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የሻረግን ሦስት ፈረስ ነው የጣላት። አንዱ ነግሯት ቢሆን ኖሮ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቢዋሹም፣ እናቷን በራሷ አፍ ትሸኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም እንደ አገሩ ደንብ በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ አጎንብሰው በደጇ ቆሙ። «ይቅር በይን» አሉ። ለዕርቁ የተጠሩ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። የሻረግ ደግሞ ከደጃፏ ቆማ ታያቸዋለች፤ አንዱ ትራሷን የሚጋራት፣ አንዱ በዕድሜ አባቷ የሚሆን፣ አንዷ ከሕፃንነቷ እጇን ይዛ ያደገች። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር።

ደምለው፣ «እኔ ጥርሱን አልሰበርኩም» አለ፤ «ስሜንም ላገንን ብዬ አልዋሸሁም። ጥፋቴ አንዲት ቃል ናት።»

አያ እንግዳው፣ «የእጄ ስህተት ነው፣ ስህተት ደግሞ ከክፋት አይቆጠርም» አሉ። «የእኔን ውሸት ሊያርም የተቀመጠ ዓይን ነበራት፤ ያ ዓይን ነው የከዳት።»

ጥጊቱ፣ «ነገሩን እኔ አልጀመርኩትም፤ ሳልጠየቅም የተናዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «እማማንም ያለ ሙሾ አላስቀበርኳቸውም።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከሁሉም አንጋፋው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«በጥል ብዙ ሰው ይገባል፣ የበደል ባለቤት ግን አንድ ነው። ለሁሉም እኩል ካካፈልነው ማንም ሳይሸከመው ይቀራል። ስለዚህ የሻረግ፣ ባለቤቱን አንቺ ጥሪልን። ሁለቱ ድንጋያቸውን ያወርዳሉ፤ ይቅር ለእግዜር ተባብለው ይገባሉ። የጠራሽው ግን እስከ እናትሽ ሙት ዓመት እሑድ እሑድ ድንጋዩን ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይቆማል። ካሣ አንጠይቅልሽም። እናት ሁለተኛ ሞታ ሁለተኛ አትለቀስምና፣ የወሰዱብሽን የሚመልስ ካሣ የለም።»

ሰው ሁሉ ወደ የሻረግ ዞረ። ደምለው ድንጋዩን በትከሻው ያመቻቻል። የአያ እንግዳው ከዘራ መሬቱን ይቆረቁራል። ጥጊቱ ዓይኗን ጨፍናለች። የሻረግ መንጋጋዋን ዳሰሰች። አሁን አያማትም፤ አፏም እንደ ልቧ ይከፈታል። ከዚያ አፍ የሚወጣው አንድ ስም ብቻ ነው።

እንግዲህ በሉ፣ እናንተ የምትሰሙኝ፦ የሰበረው ነው፣ አይቶ የዋሻት ነው፣ ወይስ ስባሪውን በቅርንፉድ የሸፈነችው? በየሻረግ ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?