በሰው በር ላይ የተሰቀለ ቀርከሃ

አንድ ወጌሻ ነበረ። ቆይ እንጂ ስመኝ፣ ስልኩን አስቀምጪው። ጣትሽ እዚያ «ነጻ» የሚለው ላይ ተንጠልጥሎ እኔ ምን ልነግርሽ እችላለሁ? ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። የምትሰፊውን የአልጋ ልብስ የምታሳዪበት ድረ ገጽ ልትሠሪ ነው፤ ኮድ ሳትጽፊ፣ እየጎተትሽ እየለጠፍሽ የምትሠሪበት ቦታ አግኝተሻል። ሦስት ዓይነት ክፍያ አቅርበውልሻል፤ አንዱ በነጻ፣ አንዱ በዓመት ትንሽ፣ አንዱ ደግሞ ራስ የሚያስይዝ። «መምህር፣ የቱን ልምረጥ?» አልሽኝ። እነግርሻለሁ፤ ግን በወጌሻው በኩል ዞሬ ነው። ኮምፒዩተር ሳስተምር ስንቱ ተማሪዬ ሳይጠይቅ ጣቱን ሲያሳርፍ አይቻለሁ መሰለሽ!

እና አንድ ወጌሻ ነበረ። ጣቱ ዓይን ያለው ይመስል፣ ከላይ ዳብሶ ከውስጥ ያለውን ይናገር ነበር። ወለምታ ይሁን፣ ውልቃት ይሁን፣ ስብራት ይሁን፣ በቅቤ አሽቶ፣ አጥንቱን ገጥሞ፣ ቀርከሃ ሰንጥቆ ዙሪያውን ያስራል። በአርባ ቀኑ ይፈታል። ዋጋ አይጠራም፤ የዳነ ሰው ያለውን ያመጣለታል። በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። የዳነ ሰው የታሰረበትን ቀርከሃ አይጥለውም። በገዛ እግሩ ተራምዶ ይመጣና በወጌሻው በር ላይ ይሰቅለዋል። የተሰቀለው ቀርከሃ ሲበዛ፣ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ «እዚህ ቤት አጥንት ይድናል» ብሎ ይገባል።

ይህ ሰው ከተወለደበት መንደር ተነሥቶ ትልቅ ገበያ ወዳለበት ከተማ ሄደ። በመንደሩ የቀረችው ዘመዱ አንዲት ታናሽ እህቱ ብቻ ነበረች። ሲለያዩ «አንድ ቀን ብመጣ እንዴት አድርጌ አገኝሃለሁ?» አለችው። «ቀርከሃ የተሰቀለበትን በር ብለሽ ጠይቂ» አላት። ይህችን ቃል ያዢልኝ።

በከተማው ሦስት ቦታ ተገኘለት። አንደኛው የነጋዴዎች ማደሪያ ነው፤ ሃያ ክፍል አለው፣ የበቅሎ ጋጥ አለው፣ ዘበኛ አለው፤ ኪራዩ በዓመት አንድ የደለበ ሰንጋ። አንድ የቅቤ ቅልና አንድ ቢላዋ ለያዘ ሰው ሃያ ክፍል ምን ይሠራለታል? እሱን ተወው። ሁለተኛው የአንዲት ባልቴት ጓዳ ነው፤ መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት በር፤ ኪራዩ በዓመት አንድ ጉንዶ ማር። ባልቴቷ «ልጄ፣ በሩ ላይ የወደድከውን ስቀል። የምትሄድ ቀን ደግሞ አውርደህ ይዘህ ሂድ» አለችው። ሦስተኛው የአንድ ባለጠጋ ትልቅ በር ነው። ባለጠጋው «ምንም አልቀበልህም። ከደጄ ተቀመጥና ሥራ። ሰው ማነህ ሲልህ ብቻ የጌታው ደጅ ወጌሻ ነኝ በል» አለው።

ምንም! ወጌሻው ጆሮውን ማመን አቃተው። የባልቴቷን ነገር እንደ አሮጊት ወሬ ቆጠረው። «ማሩን ለእሷ ከምሰጥ እኔ ብልሰው አይሻልም?» አለና እዚያው በቆመበት «እሺ ጌታዬ» ብሎ እጅ ነሣ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የስንቱን ሰው እግር ሲያሽ የኖረ ሰው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ እንዴት ይጠፋዋል? ጠፋው እንግዲህ።

ሰባት ዓመት ሠራ። አናጢ ከጣሪያ ወድቆ መጣ፣ ዳነ፣ ቀርከሃውን ሰቀለ። ሙሽራ ከበቅሎ ወድቃ መጣች፣ ዳነች፣ ሰቀለች። በሩ በቀርከሃ ተሸፍኖ እንጨቱ እስከማይታይ ድረስ ደረሰ። የወጌሻውን ስም ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ «የጌታው በር አጥንት ይጠግናል» ነበር የሚለው። በር ደግሞ አጥንት ሲጠግን የት ታይቷል? ወጌሻው ግን ይህን ሲሰማ ይስቃል። ደስ ይለው ነበር እኮ!

አንድ ማለዳ መጥቶ ሲያይ፣ በእሱ መደብና በመንገዱ መካከል የባለጠጋው ጨው ሻጭ ተቀምጧል። ከጨው ሻጩ ጎን በርበሬ ሻጭ፣ ከዚያ ጎን ገመድ ሻጭ። ክንዱ የተሰበረ ሰው እየጮኸ ይመጣል፤ ጨው ሻጩ መንገድ ዘግቶ «ጥሩ አሞሌ አለኝ፣ አትወስድም?» ይለዋል። እንዴ! አጥንቱ ቆዳውን ሊበሳ የደረሰ ሰው ስለ አሞሌ ይጠየቃል? ይጠየቅ ነበር። ወጌሻው «ጌታዬ፣ በሽተኛው እየተንገላታብኝ ነው» ብሎ ቢያመለክት፣ ባለጠጋው «በነጻ ለሚኖሩበት ደጅ ይህ ይበዛል?» አለው። ወደ መደቡ ተመለሰ።

በስምንተኛው ዓመት ባለጠጋው ራሱ ወደ መደቡ መጣ።

«ካሁን ወዲያ ሰው ከሚያመጣልህ ግማሹ የእኔ ነው» አለው።

«በነጻ ነው ብለውኝ አልነበረም እንዴ?»

«ብዬህ ነበር» አለ ባለጠጋው፣ ሳይቆጣ፣ ሳያፍርም። «አሁን ግን አይደለም።»

«እንግዲያው እወጣለሁ።»

«ውጣ። ማን ያዘህ?»

ወጌሻው ቀርከሃዎቹን ሊያወርድ ወደ በሩ እጁን ሰነዘረ። ዘበኛው ክንዱን ለቀም አደረገው።

«እነሱን አትነካም» አለ ባለጠጋው። «በእኔ በር ላይ የተሰቀለ የእኔ ነው።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! ያሰርኩት እኔ! ያዳንኩት እኔ! ይህን መጀመሪያ መቼ ነገሩኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ሰው ሲዘረፍ ይጮኻል፤ ይህ ሰው የሚጮኽበት እንኳ አጣ። ማን ዘረፈኝ ይበል? በገዛ እግሩ ገብቶ፣ በገዛ አፉ እሺ ብሎ! ሰባት ዓመት የሠራውን ሥራ ቀና ብሎ እያየ፣ ቅሉንና ቢላዋውን ብቻ ይዞ ወጣ።

ወዴት ይሄዳል? ከመንገዱ ታች ወዳለችው ባልቴት ሄደ። «ጓዳው ባዶ ነው፤ ኪራዩም ያው ጉንዶ ማር ነው» አለችው። ነግሬህ ነበር አላለችውም፤ እግዜር ይስጣት። ገብቶ ተቀመጠ። በሩ ላይ ግን አንዲት ስንጣሪ አልነበረችም። ባለጠጋው በማግስቱ በቀርከሃዎቹ ሥር ሌላ ሰው አስቀመጠ። ያ ሰው ስለ አጥንት የሚያውቀው በግ አርዶ ሲበልት ያየውን ብቻ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሕዝቡ ወደዚያው ጎረፈ። የሚያውቀው በሩን ነዋ፣ ሰውየውን መቼ ያውቃል?

አንድ የገበያ ቀን አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው በባልቴቷ ደጅ መጡ። በቃሬዛው ላይ ያለው በሽተኛ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ከነጠላው ሥር የሚሰማው ማቃሰት ብቻ ነበር። ወጌሻው ብድግ አለ። «ወጌሻ እዚህ አለ! ወዲህ አምጡት!» አላቸው።

ፊተኛው ልጅ እግሩን እንኳ ሳይገታ «አይ አባቴ፣ እኛ የተነገረን ቀርከሃ የተሰቀለበትን በር ነው» አለና አለፉ። ወጌሻው ባዶ በሩን ቀና ብሎ አየ። አልፈረደባቸውም። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁለት ወር አለፈ። አንዲት ሴት በምርኩዝ እየተደገፈች፣ በብብቷ ቀርከሃ ይዛ፣ አቀበቱን ስትወጣ በባልቴቷ ደጅ ደረሰች። እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደ ውጭ ጠሟል። ዘወር ስትል አየችው፤ ቆመች።

«ወንድምዓለም?»

እህቱ ነበረች።

«ሩቅ አገር ሄዷል አለኝ እኮ!» ጮኸች። «እዚያ በሩ ላይ ያለው ሰው እኔ ደቀ መዝሙሩ ነኝ አለኝ! ያን ሁሉ ቀርከሃ ሳይ፣ ወንድሜ ያስተማረው ነው ብዬ እግሬን ሰጠሁት። አሁን የመጣሁትም ተመልሰህ ከሆነ፣ ተማሪህ እንዴት እንዳሰረኝ ላሳይህ ነው። አንተ ግን እዚህ ቁጭ ብለሃል!»

«መቼ ነው ያመጡሽ?» አላት።

«ሁለት ወር ሆነው፣ በገበያ ቀን። የመንደራችን ልጆች በቃሬዛ። ፀሐዩ በርትቶ ፊቴን በነጠላ ሸፍነውኝ ነበር።»

ወጌሻው ራሱን ያዘ። «አየሁሽ እኮ!» አለ። «ጠራኋቸው እኮ! በዚህ በር ነው ያለፍሽው፣ በዚህ በር!» ቃሉ የማን ነበር፣ ስመኝ? ያዢልኝ ያልኩሽ ቃል? ቀርከሃ የተሰቀለበትን በር ጠይቂ ብሎ የላካት እሱ ነው። እህቱን በገዛ አፉ ወደዚያ በር ሸኛት።

ጎንበስ ብሎ እግሯን ዳበሰ። አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል፤ ጠንክሯል።

«ይቃናል?» አለችው።

«ይቃናል። ግን እንደገና መሰበር አለበት።»

«ማን ነው የሚሰብረው?»

እጁን ከእግሯ አንሥቶ የገዛ መዳፉን አየ። ያኔ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቀጥላ ግን ጓዳው ገብታ መደቡ ላይ ተጋደመችና የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ባልቴቷ ከኋላ ትከሻዋን ያዘች። ወጌሻው ውኃ አሞቀ፣ ቅቤ ቀባ፣ አሸ። ከሚያስፈልገው በላይ ነው ያሸው፤ ጊዜውን ለማራቅ ነበር። ዕድሜ ልኩን የተሰበረ ሲጠግን የኖረ እጅ፣ ያን ቀን የእህቱን እግር ሰበረ። ድምፁን መንገደኛው ሁሉ ሰማው። ገጥሞ፣ ቀርከሃ አስሮ ሲጨርስ ከጓዳው ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በአርባ ቀኑ ተፈታች። ቀጥ ብላ ሄደች፤ ትንሽ ማንከስ ግን አልለቀቃትም። ውሸት አልነግርሽም፣ አልለቀቃትም። ቀርከሃውን ይዛ ተነሣችና በዚያች ዝቅ ባለች በር ላይ በገዛ እጇ ሰቀለችው። አንድ ቀርከሃ። ወጌሻው ከሥሩ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በኋላ ሰው መጣለት፣ አልመጣለት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

እንግዲህ ስመኝ፣ ወጌሻዋ አንቺ ነሽ። ቀርከሃው የለጠፍሽው ፎቶ፣ ደንበኛ የጻፈልሽ ምስጋና፣ ሰው አንቺን የሚያገኝበት አድራሻ ነው። በነጻ የሚሰጡሽ ደጅ ስምሽን ከእነሱ ስም ሥር ይጽፈዋል፤ አልጋ ልብስሽን ሊያይ የመጣውን ሰው መጀመሪያ የሰው ጨው፣ ማለት የሌላ ነጋዴ ማስታወቂያ፣ ያሳየዋል። ያን ትልቁንም ክፍያ ተይው፤ ለዐሥር አልጋ ልብስ ሃያ ክፍል አትከራዪም። ባልቴቷን ፈልጊ። አቅምሽ የሚችለው ማለት ምንም የማያስከፍል ማለት አይደለም፤ የራስሽን ስም በራስሽ በር ላይ የምትሰቅይበት፣ ስትሄጂም አውርደሽ የምትሄጂበት ትንሽ ክፍያ ነው። መግቢያውንማ እነሱ ራሳቸው በትልቁ ጽፈው ያሳዩሻል። አንቺ የምትጠይቂው መውጫውን ነው፤ «የምወጣ ቀን ምን ይዤ እወጣለሁ?» በያቸው። መልሱ ካልተጻፈ ጥያቄውን ጽፈሽ ላኪላቸው፤ ካልመለሱ አልፈሽ ሂጂ። አለበለዚያ ሠርተሽ የጨረስሽውን ሁሉ በገዛ እጅሽ ሰብረሽ እንደገና የምትጀምሪበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚፈልግሽ ደንበኛ ደግሞ አሮጌውን በር እያንኳኳ ነው።

በይ፣ አሁን ስልክሽን አንሺ። ጣትሽ ከማረፉ በፊት ጠይቂ፤ ኋላ «መቼ ጠየቅሽን?» እንዳይሉሽ።