የእመት ድንቡሼ አዲስ ልብ

«ሁሉም የሚቀድመኝ ልቤ ትንሽ ስለሆነ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛ የኖረችው እመት ድንቡሼ ናት። ተረቷን ላውራላችሁ፤ እናንተም «አውሪ» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ በአንዲት ዳገታማ ከተማ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረች። መልኳ ቅቤ ነው፤ ልቧ፣ ማለትም ሞተሯ፣ እንደ ሌሎቹ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። ክብ ስለሆነች እመት ድንቡሼ ይሏታል። ባለቤቷ አዋላጇ ወይዘሮ ትብለጥ ነበረች። ዳገቱ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ድንቡሼ አዋላጇን ይዛ ቱር ቱር እያለች ትወጣለች። ሚኒባሱ ይቀድማታል። ጋሪው ይቀድማታል። አንድ ቀንማ ጭድ የተጫነች አህያ ቀደመቻትና ዞር ብላ «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ድንቡሼ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈች።

ከዕለታት አንድ ቀን የድንቡሼ ሞተር አርጅቶ ሞተ። ወይዘሮ ትብለጥ አስጎትታ መካኒኩ ጋሽ ጉልላት ዘንድ ወሰደቻት።

«ጋሽ ጉልላት፣ ዳገቱ ላይ አራት ነፍሰ ጡሮች አሉኝ። ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። እስከ ቅዳሜ ዳገቱን ካልወጣች ለቁራሌው እሰጣትና በቅሎ እገዛለሁ» አለችው።

ቁራሌው አሮጌ ብረት እየሰበሰበ የሚቆራርጥ ሰው ነው። ድንቡሼ ስሙን ስትሰማ በሮቿ ተንቀጫቀጩ።

ጋሽ ጉልላት ጨዋ ሰው ነው፤ ሳያስፈቅድ አንዲት ብሎን አይፈታም። ሦስት ሞተሮች ግቢው ውስጥ ደረደረና «በይ ምረጪ» አላት። ድንቡሼ ግን ሽማግሌዎቿን ሳታማክር የምትመርጥ አይደለችም። ሽማግሌዎቿ ሦስት ናቸው፦ ማርሽ የሚቀያይረው አባ ካምቢዮ፣ የኋላውን የሚያሳየው መስታወት ጋሽ ስፖኪዮ፣ ሳይጠሯት የምትጮኸው እትዬ ክላክስ።

ጋሽ ስፖኪዮ ዕድሜውን ሁሉ ያለፈውን ሲያይ የኖረ ነውና «መጀመሪያ ዘር ይቆጠር!» አለ። «ልጃችንን የምንሰጠው ሰባት ቤት ቆጥረን ነው። ዝምድና ከተገኘ ነውር ነው።»

ጋሽ ጉልላት ራሱን አከከ። «ይሄ እኮ ሞተር እንጂ...»

«ሰባት ቤት!» ብላ እትዬ ክላክስ ጮኸችበት። እሷ ከጮኸች በኋላ ማን ይሰማል?

መጀመሪያ የጭነት መኪናው ሞተር ቀረበ። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ነው።

«አባትህ ማን ነው?»

«የጭነት መኪና ሞተር።»

«አያትህስ?»

«የመርከብ ሞተር።»

«ቅድመ አያትህስ?»

«የባቡር ሞተር!»

እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ከድንቡሼ ጋር በአንዲት ብሎን እንኳ አይገናኝም። «ንጹሕ ነው!» አለ ጋሽ ስፖኪዮ። ድንቡሼ ሰፊውን ደረት እያየች በሆዷ «አህያዋን አሳያታለሁ» አለች።

ሁለተኛ የባለሦስት እግሯ ታክሲ ሞተር እየዘለለ መጣ።

«አባትህ ማን ነው?»

«ሞተር ሳይክል።»

«አያትህስ?»

«የስፌት መኪና ነው ይላሉ፤ የጠላት ወሬ ነው።»

እሱም ተቆጠረ፤ እሱም ንጹሕ ሆነ።

ሦስተኛው ጭቃ የደረቀበት የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበር። ሃያ ዓመት ወንዝ ዳር ተተክሎ ሽንኩርት ሲያጠጣ ኖሯል፤ ዛሬም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«አባትህ ማን ነው?»

«የድንቡሼን ልብ የሠራው ፋብሪካ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም በወጣትነቴ እንደሷ ባለች መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

«በመጀመሪያው ቤት!» አለ ጋሽ ስፖኪዮ። «ሰባት ስንል ገና በመጀመሪያው ቤት!»

«ነውር! ነውር! ነውር!» አለች እትዬ ክላክስ፣ የሰፈሩ ውሾች እስኪነሡ ድረስ። ውሃ መሳቢያው «ይቅርታ» ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

ማክሰኞ የጭነት መኪናው ሞተር ተገጠመ። ለማስገባት የኋላ ብረቷ ተቆረጠ፤ በገመድም ታሰረ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሞተሩ «በሉ ያዙኝ!» ብሎ ቢያጓራ፣ የድንቡሼ ኋላ መሬት ነካ፣ የፊት እግሮቿ አየር ላይ ቀሩ። እንደ ውሻ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ፣ መንገዱ ይታይሻል?» አለ አባ ካምቢዮ።

«ሰማይ ነው የሚታየኝ።»

አንዲት መንገደኛ ቆም ብላ «ዝናብ እየለመነች ነው?» ብላ ጠየቀች። ሞተሩ ግን ምንም አላፈረም። «እኔ ጉልበቴን ሰጠሁ፤ ወገቧ ካልቻለ ምን ላድርግ?» አለ።

ሐሙስ የባለሦስት እግሯ ሞተር ተገጠመ። ሜዳው ላይ በረረ። ዳገቱ ሥር ግን ቆመና ሳል ጀመረው።

«እትዬ፣ ትንሽ ይውረዱልኝ» አላት።

ወይዘሮ ትብለጥ ወረደች።

«ቦርሳውም ይውረድ።»

ቦርሳው ወረደ።

«ወንበሩንም ብናወርደው...»

«አንተም ውረድ!» አለችው። ድንቡሼን እየገፉ መለሷት።

ዓርብ ጠዋት፣ ወይዘሮ ትብለጥ ግቢው ውስጥ ሳለች፣ አቶ ተገኝ የሚባል ሰው ዳገቱ አናት ላይ ካለው ሆስፒታል እየሮጠ ወረደ።

«እትዬ ትብለጥ! ሚስቴ ሆስፒታል ወልዳ ደም ፈሰሳት። ደም ቶሎ አምጡ ብለውኛል!»

«ወንድሞቿ የት ናቸው?»

«ሁለቱም እዚሁ ታች ሰፈር ናቸው። ሚኒባሱ ግን ከሰዓት በፊት አይመለስም።»

«ጥራቸው! ዘመድ የሚፈለገው ለዚህ ቀን ነው። ዳገቱን እኔ...» አለችና ልብ አልባዋን መኪናዋን አየች።

ድንቡሼ ሰማች። ሰማችና «ጋሽ ጉልላት፣ ያንን ውሃ መሳቢያ ያምጡልኝ» አለች።

«ነውር!» ብላ እትዬ ክላክስ አፏን ከፈተች።

«እትዬ ክላክስ፣ ዛሬስ ዝም ይበሉ። ላገባው ነው እንዴ? ልቤ ሊሆን እኮ ነው! ያቺ ሴት ደም ቢያስፈልጋት ማን እየተጠራላት እንደሆነ አልሰማችሁም?»

ጋሽ ስፖኪዮ አቧራውን አበሰ። አባ ካምቢዮ ግን ተነፈሰ። «እሷ እውነቷን ነው። ከባዕድ ጋር ስፋጭ ጥርሴ ሊረግፍ ነበር» አለ።

«ዳገት ከወጣሁ ሃያ ዓመቴ ነው» አለ ውሃ መሳቢያው ከግድግዳው ሥር። «ረስቼው ይሆናል።»

«እኔ አስታውስሃለሁ» አለችው።

ጋሽ ጉልላት የተቆረጠውን ብረት በየየ። አራቱ ብሎኖች ወደ አራቱ ቀዳዳዎች ትናንት እንደ ወጡ ሁሉ ገቡ። ወንድማማቾቹ እስኪደርሱ ድንቡሼ ቱር ማለት ጀምራ ነበር። ሁለቱ ከኋላ፣ አቶ ተገኝ ከፊት፣ ወይዘሮ ትብለጥ መሪው ላይ ሆነው ወጡ። ቀስ ብላ ወጣች። አልቆመችም፣ አልተንሸራተተችም፤ ከሆስፒታሉ በር ደረሰች። የእናቲቱ ወንድሞች ደም ሰጡ፤ እሷም ተረፈች።

ቁራሌው ቅዳሜ መጣና ግቢውን ቃኘ። «የሚቆረጥ የለም ወይ?» አለ። «የለም፤ ልትሠራ ወጥታለች» አለው ጋሽ ጉልላት።

ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። «ለመሆኑ» አለ ጋሽ ስፖኪዮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይሄን ውሃ መሳቢያ ሰው ፊት ምን ብለን እንጥራው?»

ድንቡሼ ትንሽ አሰበችና ቆረጠች። «ወንድሜ በሉት» አለች።

ለትዳር ሲሆን ዘመድን ይሸሹታል፤ ለደም ሲሆን ይሹታል።