ጥላና ባለጥላ

ልጅቷን «ደብዳቤውን ራውንድ ላይ፣ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ፣ በሕመምተኞቹ ፊት ጠይቂያቸው» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ለእሷ አስቤ ብቻ አልነበረም። በምሠራበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉን የሚያንቀጠቅጡት ዶክተር መንክር ሰው ፊት ሲጨንቃቸው ማየት አምሮኝ ነበር።

ልጅቷ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ሴትዮ ልጅ ናት። ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል፤ ምዝገባው ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል። ክረምቱን ሙሉ ዶክተሩን ከአልጋ አልጋ እየተከተለች ሥራቸውን ስታይ ከርማለች።

«ዶክተር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ?» አለቻቸው።

እሳቸውም ወደ ሕመምተኞቹ ዞረው ፈገግ አሉ። «አንቺ እኮ እንደ ጥላ ከኋላዬ ከመጎተት በቀር የሠራሽው የለም። ስለ ጥላ ምን ተብሎ ይጻፋል? እስቲ አንቺው ንገሪኝና ልጻፈው!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እንግዲያው ‹ቀጥ ያለች ናት› ብለው ይጻፉልኝ» አለች። «‹ጠማማ ናት› ካሉማ፣ ዶክተር፣ ሰው ጥላውን ትቶ ባለጥላውን ነው የሚያየው።»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተከተለኝ፤ ትናንት ሆዳቸው የተሰፋ ሰዎች ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው «ኧረ በማርያም፣ አታስቁን!» እያሉ ያቃስቱ ጀመር። ዶክተሩም እስክሪብቶዬን ከኪሴ መንጭቀው እዚያው ቆመው ጻፉላት።

ልጅቷን ወደ ነገር መግፋቴን፣ የተሰፋ ሰው ማሳቄንም ይቅር በሉኝ።