የኮራው ግምጃ

አፋችሁን ዝጉ፣ ጆሯችሁን ክፈቱ።

ድሮ ድሮ፣ ጨርቅም አይጥም እንደ ሰው ሲያወራ፣ ፈረደ የሚባል ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው። መደርደሪያው ላይ፣ ሽማግሌው አባቱ ዓይናቸው ሳይጠፋ በእጃቸው የጻፉት ኦሪት ተቀምጧል። በመንደሩ ሌላ የለም። ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት ቤት ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ልብስ ይለብሳል፤ ከውስጥ ነጭ ሻሽ፣ ከላይ ቀይ ግምጃ። የፈረደ ሚስት ዝማም አርብ አርብ ገልጣ ታራግፋለች፤ መልሳ ትሸፍናለች።

ጣሪያው ውስጥ ያለችውን አይጥ ብራናው አማራት።

መጀመሪያ ወደ ግምጃው ሄደች። «አንተ ሞኝ! ይህን ውበት ይዘህ ግድግዳ ታያለህ? ሠርግ ደርሷል እኮ!»

«እኔ ከሄድኩ እሱን ማን ይሸፍነዋል?»

«ሻሹ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

ግምጃው ኮራ። ተንሸራቶ ዝማም እጅ ላይ ወደቀ። እሷም «ለእህቴ ሠርግ ለብሼ እመልሰዋለሁ» ብላ ወሰደችው።

አይጧ ቀጥላ ወደ ሻሹ ሄደች። «ጓደኛህ እየጨፈረ አንተ የሁለት ሥራ ትሠራለህ?»

«እውነትሽን ነው» አለና ላላ። ዝማም ራሷን አሰረችበት።

በመጨረሻ አይጧ ወደ ዝማም ሄደች። «አይ እመቤቴ! መጽሐፉ ራቁቱን፣ አንቺም ልብስሽን ስታወልቂ ራቁትሽን። አታፍሪም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከእህሉ ጆንያ ሥር ክተቺው። ዓይንሽ ካላየው ምን ነውር አለው?»

መጽሐፉ ጮኸ፦ «ዝማም፣ ሸፍኚኝ እንጂ አትጣዪኝ!»

ጆንያውን ጫነችበት። ስንፍናዋን አክብሮት አለችው። አርብ መጣ፣ አርብ ሄደ፤ የገለጠው የለም። ፈረደማ ከመዶሻው ቀና አይልም። ግምጃውም ከሠርግ ወጥ ፈሶበት መጥቶ ጥግ ተወረወረ።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ታመሙ። «ልጄ፣ ኦሪቴን አንብብልኝ። ቃሉን እየሰማሁ ልሂድ።»

ፈረደ ጆንያውን ቢያነሳ የአይጥ ልጆች ተንጫጩ። ከብራናው የተረፈው እፍኝ አይሞላም።

«አገኘኸው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

ፈረደ ቁርጥራጩን ሲለቅም፣ እሳቸው እየጠበቁ አረፉ።

የተበላሸ ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ሰው ይቀበራል። ፈረደ ቁርጥራጩን ከአባቱ አጠገብ ሊቀብር መጠቅለያ ቢፈልግ፣ ያ ወጥ የነካው ግምጃ ተገኘ።

«ይኸው መጣሁ፤ እሸፍንሃለሁ» አለ ግምጃው፣ አፈር እየወረደበት።

«አሁንማ ከማን ዓይን?» አለው ብራናው።

የሸፈኑት ይገለጣል፤ የደበቁት ይበላል። እኔ ጨርሻለሁ። እናንተም ቤታችሁ ግቡና ጆንያችሁን አንሡ።