ሽፋሽፍታቸውን ያዩት ሽማግሌ

አንድ የተማረ ሰው በሩቅ አገር ብዙ ዘመን ኖሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ፣ ከሀብት ሁሉ አስበልጦ የሚወደውን ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። መሣሪያው እጅግ የረቀቀ ነበር፤ በአንዲት ጠብታ ውሃ ውስጥ ዓይን የማይደርስባቸውን ነፍሳት አጉልቶ ያሳያል። ሰውየው ቤት ሠርቶ አስቀመጠውና በሩን ቆለፈ። «አቧራ ይገባበታል» ይል ነበር። ለነገሩ አቧራ ሲል ሰውንም ጨምሮ ነው።

በዚያ መንደር ሁሉም የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ምንጩ ይጠረጋል፤ ከዚያ አባ ጓንጉል የሚባሉት ሽማግሌ በቅል ቀድተው ይቀምሳሉ። እሳቸው «ይጠጣ» ሳይሉ ማንም አይጠጣም። አንድ ዓመት ታዲያ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፉ ጀመር። የተማረው ሰው የምንጩን ውሃ መረመረና የበሽታውን ምክንያት በዓይኑ አየ። ወጥቶ «ሳታፈሉ አትጠጡ!» ብሎ ለፈፈ።

«አባ ጓንጉል የመረቁትን ውሃ አንተ ማን ነህና ታረክሳለህ?» አሉት የመንደሩ ሰዎች።

አባ ጓንጉል ግን የልጅ ልጃቸው ትርንጎ ስትታመም ጊዜ በትራቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ ዓይኔ ይየውና ልቤ ይፍረድ» አሉ። ሰውየው ቅር እያለው በሩን ከፈተላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመሣሪያው አስጠጉ። «ጥቁር ጥቁር ሣር አየሁ» አሉ።

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ያዩት የገዛ ሽፋሽፍታቸውን ነበር። ሽማግሌው በትራቸውን አንስተው ወጡ። ለጠየቃቸው ሁሉም «ሣር ነው ያለው» አሉ። መንደሩ እንደ ወትሮው መጠጣቱን ቀጠለ። ትርንጎ ሳምንት ሳይሞላ ሞተች።

የተማረው ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከድንኳኑ ጥግ አቀርቅሮ ተቀመጠ። አባ ጓንጉል ወደ አጠገባቸው ጠሩት።

«ልጄ፣ ያን ዕለት ምን አስቆህ ነው?»

«አባ፣ ያዩት ሣር አልነበረም። የራስዎ ሽፋሽፍት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ሰውየው፣ «እኔም መጀመሪያ ቀን ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር» አለ። «መምህሬ ግን አልሳቀብኝም። ዓይኔን እስካቃና ድረስ ታገሰኝ።»

«እንግዲያው ተነስ፤ አንተም ታገሰኝ» አሉት።

ተያይዘው ሄዱ። ሰውየው የሽማግሌውን ራስ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ትንሽ ራቅ ትንሽ ጠጋ እያደረገ አሳያቸው። ሣሩ ጠፋ፤ ብርሃን መጣ፤ በብርሃኑም ውስጥ የሚርመሰመሰውን አዩ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ርሶ ነበር።

«በእጄ ነው ያጠጣኋት» አሉ።

በማግስቱ አባ ጓንጉል ያለ ወጉ ሕዝቡን ምንጩ ዳር ሰበሰቡ። በቅል ቀዱ። ወደ አፋቸው ግን አላስጠጉትም፤ ሁሉም እያየ መሬት ላይ ደፉት። ከዚያ ወዲህ ሳያፈላ የጠጣ የለም። የዚያ ቤት በርም ዳግመኛ አልተቆለፈም። እናት የእንስራዋን ውሃ፣ ገበሬ የጠወለገበትን የባቄላ ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎም ያያል። የተማረው ሰው ብቻውን ሆኖ ቢሆን ሊመረምረው ከቶ የማያስበውን ብዙ ነገር እነሱ አመጡለት።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ነገር ስናይ ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው የራሳችንን ሽፋሽፍት ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ቀድሞ ያየው ሰው በኋላ በመጣው ላይ መሳቁ ነው። በሳቀባት በዚያች ቀን የተማረውም ሰው ከገዛ ሽፋሽፍቱ አልፎ አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ሽማግሌውን በር ላይ ያደረሳቸው የአንዲት ልጅ ሕመም መሆኑ ይታየው ነበር። እስቲ እናስብ፤ እኛስ ራሱን ደግፈን ልናሳየው ሲገባን የሳቅንበት ማን ይሆን?