በጉም ሜዳ የተፈተኑት ሁለት ውሾች

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሐይቅ እየተነሣ ሰው ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት፣ ሰውና እንስሳም በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት አገር፣ ጋሽ ይርዳውና እትዬ ዝማም የሚባሉ ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። ቤታቸውን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ጋሽ ይርዳው ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። እትዬ ዝማምም ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሁለቱ ተጋግዘው የሚያኖሯት አንዲት አህያ ነበረቻቸው። በዚያ ክረምት አህያዋ አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ደፋር የሚባል ውሻ ነበራቸው። የደፋር አያት ነብር አባሮ ዛፍ ላይ አውጥቷል ተብሎ ይወራል። ጋሽ ይርዳው ደፋርን ያሳደጉት በአርጩሜ ነው። ሳይታዘዝ አይጮኽም፤ ሳይጠራ አይነሣም፤ ምግብ ፊቱ ተቀምጦ «ብላ» እስኪባል ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል።

የእትዬ ዝማም ውሻ ደግሞ እንጎቻ ትባላለች። ከገበያ መንገድ ዳር፣ ዝናብ ሲደበድባት ያነሷት ናት። እናቷም አባቷም አይታወቁም። እትዬ ዝማም እጃቸውን አንሥተውባት አያውቁም፤ በለስላሳ ቃልና በፍርፋሪ አሳደጓት። እንጎቻ ቅጠል በወደቀ ቁጥር ትጮኻለች። ከጮኸች በኋላ ግን ሮጣ እትዬ ዝማም ቀሚስ ሥር ትገባለች።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በሌላው ነገር ሁሉ ይስማማሉ። በውሻ ነገር ግን አይስማሙም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ ጋሽ ይርዳው። «ዘር ላይ አርጩሜ ካልጨመርሽበት ደግሞ ውሻው ውሻ አይሆንም።»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ጋሼ» ይመልሳሉ እትዬ ዝማም። «በተመታበት ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።»

«ያንቺዋ በበላችበትም ባልበላችበትም ትጮኻለች።»

«የእርስዎው ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል ‹ጩኽ› እስኪሉት ይጠብቃል። ለማንኛውም ሁለቱ ቢዋለዱ ጥሩ ቡችላ ይወጣቸው ነበር።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ይርዳው ይቆጣሉ። «የነብር አባራሪ ዘር ከመንገድ ከተለቀመች ውሻ ጋር አይደባለቅም።»

እነርሱ እንዲህ ሲከራከሩ ውሾቹ በአጥሩ ሥር ባለች ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ይተኛሉ። ጉሙ በላያቸው ቀስ ብሎ ያልፋል። ሲነቁ ያለሙትን ይነጋገራሉ።

«ዛሬ ምን አለምክ?» ትለዋለች እንጎቻ።

«ሐይቁ ውስጥ ሌላ መንደር አለ። ቤቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ማንም ምንም አይለኝም። አንቺስ?»

«የእናቴን ሽታ አለምኩ። ፊቷ ግን ጉም ውስጥ ነበር።»

ደፋር በቀዳዳዋ በኩል አፍንጫዋን ይልስላታል።

አንድ ቀን ቀበሮ ከቁልቋሉ ጀርባ ተቀምጣ ክርክሩን ሁሉ ሰማች። ወዲያው ወደ ጅብ ጉድጓድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ያረገዘች አህያ ትፈልጋለህ?»

የጅብ ምራቅ ተዝረበረበ። «ስንት ናት?»

«አንድ ናት። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ሌላ አለ።»

«ሁለት ናት በይኛ።» ከዚያ ትንሽ አሰበና ፊቱ ጠቆረ። «ውሾቹስ?»

«ውሾቹን ጌቶቻቸው ራሳቸው ያስሩልሃል። በገመድ አይደለም፤ በቃል ነው። አንዱ ካልታዘዘ አይነሣም፤ አንዷ የምትሸሸግበት ቀሚስ ከሌለ ትፈራለች። አንተ ብቻ ድምፅህን አታሰማ። ለእኔም ጉበቷን አስቀርልኝ።»

«የትኛዋን ጉበት?» አለ ጅብ፤ እርሱ አሁንም ሁለት እየቆጠረ ነው።

በማግስቱ ቀበሮ ጭራዋን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ወደ ጎረቤታሞቹ መጣች።

«ስትከራከሩ ሰምቼ አዘንኩ» አለች። «እኔ ውሻ የለኝም፤ ስለዚህ ለማንም አላዳላም። ከፈቀዳችሁ ልዳኛችሁ።»

ሁለቱም ልባቸው በክርክር የጋለ ነበርና እሺ አሉ።

«ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ውሾቻችሁን ሜዳው ላይ አቁሙ። አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዷን በዚያ ጫፍ። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሳይነቃነቁ ይቆዩ። እኛ ሐይቁ ዳር ሄደን እንቀመጣለን፤ የጌታቸው ዓይን ሳያርፍባቸው ነው ጠባያቸው የሚታወቀው። ቦታውን ያልለቀቀው ያሸንፋል። ይዋለዱ፣ አይዋለዱ የሚለውንም የአሸናፊው ጌታ ይወስን።»

«አህያችንስ?» አሉ እትዬ ዝማም።

«እንደ ወትሮዋ መሀል ላይ ትጋጥ። ማን ይነካታል?»

አህያዋ ቀና ብላ፣ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። እነርሱ ግን መንገድ ጀምረው ነበር።

ጋሽ ይርዳው ደፋርን በምዕራብ በኩል አቆሙና አርጩሜአቸውን ፊቱ አወዛወዙ። «ሳልጠራህ ንቅንቅ እንዳትል» አሉት። እትዬ ዝማም እንጎቻን በምሥራቅ በኩል አስቀመጡና ጆሮዋን አሻሹላት። «እዚህ ቆዪልኝ፣ የኔ እናት። አታሳፍሪኝ።»

ከዚያ ጉሙ መጣ። መጀመሪያ የዛፎቹን ሥር ሸፈነ፤ ቀጥሎ ግንዱን፤ ቀጥሎ ዛፎቹ የሉም። ሜዳው ሰማይ የወረደበት መሰለ። አህያዋ ስትግጥ የሣሩ ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ አገር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል።

ደፋር ሁሉን ነገር በአፍንጫው ያያል። የሐይቁን ውሃ፣ እርጥቡን አፈር፣ የአህያዋን ላብ አሸተተ። ከዚያ ሌላ ሽታ መጣ፤ የከረመ አጥንት ሽታ። የጀርባው ፀጉር ቆመ። እግሩ ግን አልተነሣም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠራ የተነሣ ውሻ ይመታል። እንደቆመ ቀረ።

እንጎቻም ሸተታት። ዞር ብላ ቀሚስ ፈለገች፤ ቀሚስ የለም። በየትኛውም በኩል ብትዞር ነጭ ነው። ወደ ሐይቁ ብትሮጥ እትዬ ዝማምን ታገኛቸው ይሆናል። ግን ሐይቁ ሩቅ ነው። በመሀል ደግሞ አህያዋ የሚያቃትት ድምፅ አሰማች።

እንጎቻ ቦታዋን ለቀቀች። የሮጠችው ግን ወደ ሐይቁ አልነበረም። ጉሙን እየሰነጠቀች፣ ደፋርን በሽታው እየፈለገች ሮጠች። ስታገኘው ድንጋይ ሆኖ ቆሟል።

«ጅብ ነው» አለችው እያለከለከች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

«አልተጠራሁም።»

እንጎቻ ቀረብ ብላ አየችው። ከአጥሩ ቀዳዳ ውጪ ሙሉ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። በጆሮው ላይ የአርጩሜ ሰንበር አለ።

«እኔ ጠራሁህ» አለችው።

ደፋር አንድ እግሩን አነሣ። ምንም አልሆነም። ሌላውን አነሣ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ጅብ አህያዋን ጥግ አስይዞ፣ የትኛዋን አስቀድሜ ልብላ እያለ ገና ያሰላስል ነበር። አንዴ በጥፍሩ ቧጥጧታል። ደፋር ያለ ድምፅ መጥቶ የኋላ እግሩን ነከሰው። እንጎቻ ዙሪያውን እየሮጠች ጮኸች፤ ከወዲህ ጮኸች፣ ከወዲያ ጮኸች። ጉሙም ድምፅዋን እየተቀበለ ያባዛው ጀመር። ጅብ ሊቆጥር ሞከረ። አራት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበትና እያነከሰ ወደ ሐይቁ ፈረጠጠ።

ሐይቁ ዳር ጋሽ ይርዳውና እትዬ ዝማም የውሻ ጩኸት ሰምተው ተነሥተው ነበር። ቀበሮ፣ «ተቀመጡ፣ ፈተናው ይበላሻል» እያለች ትለምናቸዋለች። ጅብ ከጉሙ ወጥቶ መሀላቸው ተዘረገፈ።

«እመት ቀበሮ፣ አታለልሽኝ» አለ። «ሁለት ውሻ፣ በቃል የታሰሩ ነው ያልሽኝ። እዚያ አንድ መንጋ ውሻ አለ። ጉበትሽን ራስሽ ሄደሽ አምጪ።»

ጋሽ ይርዳው ወደ ቀበሮ ሲዞሩ የነበረችበት ቦታ ላይ ጉም ብቻ ነበር። ጅብም የት እንደሄደች እየጠየቀ ተከተላት።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ወደ ሜዳው ሮጡ። አህያዋ ጎኗ ተቧጥጦ ቆማለች። ደፋርና እንጎቻ ግራና ቀኟ ተኝተዋል።

ጋሽ ይርዳው አርጩሜውን እንደያዙ ደፋር ፊት ቆሙ። ልማድ ሆኖባቸው፣ «ቦታህን ለቀሃል» አሉ። ደፋር ጆሮውን አጣበቀ፤ ከአህያዋ ጎን ግን አልተነሣም።

«እርሱ እዚያ ቢቆም ኖሮ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር» አለች አህያዋ።

ጋሽ ይርዳው የውሻቸውን ጆሮ አዩ። ሰንበሩን አሁን ገና ያዩት ይመስል ነበር። አርጩሜውን ጣሉና ከደፋር አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እትዬ ዝማምም እጃቸውን ዘርግተው እንጎቻን ጠሩ። እንጎቻ ጭራዋን ቆላች፤ ግን ወደ ቀሚሳቸው አልሮጠችም። እትዬ ዝማም ትንሽ ከፋቸው፤ ትንሽም ደስ አላቸው። «አድጋለች ለካ» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ነኝ ሕፃን አድርጌ ያቆየኋት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ውሻ የነበራቸው ሐሳብ አንድ ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጋሽ ይርዳው «ሥርዓት ያስፈልጋል» ማለታቸውን አልተዉም፤ እትዬ ዝማምም «ፍቅር ይቅደም» ማለታቸውን አልተዉም። ነገር ግን ክርክራቸውን መሀል ላይ ያቆሙና ውሾቹን ያያሉ። የአጥሩንም ቀዳዳ በር አደረጓት። አህያዋ ውርንጭላዋን በሰላም ወለደች። ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት ሲገባ እንጎቻ አራት ቡችሎች ወለደች። አንዱ ዝምተኛ ነው፣ ሁለቱ ጯሂዎች ናቸው፤ አራተኛዋ ገና አልታወቀችም፣ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ጋሽ ይርዳው እርሷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዘሯን ሳይቆጥሩ፣ ምን እያለመች ይሆን እያሉ ያዩዋታል።

ከዚህ የምንማረው፣ አሳዳጊዎች በዘርና በአስተዳደግ ሲከራከሩ ያሳደጉትን ራሱን ማየትና መስማት ከረሱ፣ ክርክራቸው ለጠላት መግቢያ በር እንደሚሆን ነው።