የጠፉት ሰባ ፈረሶች

ከመፍቻው ይልቅ ምላሱ የሚሠራ አንድ መካኒክ ነበር አሉ። ራሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ጋራዡ ውስጥ የሰጡት ሥራ የመኪና ጉልበት የሚለካውን ማሽን ማስነሳት ብቻ መሆኑ አያስከፋውም ነበር።

አንድ ቀን ባለሀብቱ አቶ ዘውገ ቀይ የስፖርት መኪናቸውን ይዘው፣ ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጡ። በየሰርጉና በየለቅሶው «የኔ መኪና አራት መቶ የፈረስ ጉልበት አላት» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናዋ ማሽኑ ላይ ወጥታ ጎማዎቿ እየጮኹ ተሽከረከሩ፤ ውጤቱ ግን ሦስት መቶ ሠላሳ ሆነ። ወዳጆቻቸው ሳቃቸውን ዋጡ።

አቶ ዘውገ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንተ፣ ሰባው ፈረስ የት ገባ? አምራቹ ዋሽቷል ካልክ እኔን በሰው ፊት አዋርደኸኛል፤ ማሽኑ ዋሽቷል ካልክ ደግሞ ጋራዡን አስዘጋዋለሁ። ምረጥ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ማንም አልዋሸም ጌታዬ» አለ። «አምራቹ የነገረዎት ሞተሩ ላይ ያለውን ነው። እኛ የለካነው ካምቢዮው የሚበላውን በልቶ ጎማው ጋ የደረሰውን ነው። እኔም ሚስቴን ሳገባ ሽማግሌዎቹ ‹ታታሪ ነው፣ ጭምት ነው፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም› ብለው ነው የለመኑልኝ። ያ የሞተሩ ነው። እሷ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ጎማው ላይ ትለካኛለች።»

አቶ ዘውገ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ጉድለትህን ስታይ ምን አደረገች?»

«አልመለሰችኝም ጌታዬ። ሽማግሌዎቹ ያሉትን ሰው ፊት መድገም ብቻ ተወች።»